ቤታችን ታኮ ያጣ ዕለት

ጡረታ ዕረፍት ነው ብሎ ያስወራውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው፣ እጁን ይዤ በሐምሌ ደባርቅ አመጣውና ቤታችን ጣሪያ ላይ አውጥቼ፣ በአንድ እጁ ላስቲክ፣ በሌላው ሬንጅ አስይዤ፣ "በል እንግዲህ ዕረፍ!" እለው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በሹፌርነት ሠርቻለሁ። ሊማሊሞን ስወርድና ስወጣ ጸጉሬ ሸብቷል። እንደ ጡረታ ያደከመኝ ሥራ ግን የለም። ሥራ ላይ ሳለሁ ሌላው ቢቀር የዓመት ፈቃድ ነበረኝ።

ጣሪያ የምላችሁ የአውቶቡስ ጣሪያ ነው። እኔና ባለቤቴ ዘውዲቱ የምንኖረው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ስቃችሁ ከጨረሳችሁ ልቀጥል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንኖርበት የነበረውን የኪራይ ቤት ባለቤቱ ልጁን ሊድርበት ፈለገው። እኛም ዘውዲቱ ከአባቷ በወረሰችው ቦታ፣ ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ የቤት መሠረት አወጣን። ማገሩም ወራጁም ተዘጋጅቶ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር እኔ ቆርቆሮ ልገዛ ጎንደር ወረድኩ። እዚያ ስደርስ ያቺ ስነዳት የኖርኩት አውቶቡስ ሞተሯ ወጥቶ፣ ተቆራርጣ ለብረታ ብረት ልትሸጥ ተራዋን ስትጠብቅ አገኘኋት። አየችኝ። አውቶቡስ አያይም ትሉኝ ይሆናል። እናንተ የፊት መብራቷን አላያችሁትም። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ቆርቆሮ ሊገዛ የሄደው ሰው አውቶቡስ በአይሱዙ አስጎትቶ ተመለሰ።

ዘውዲቱ ከመሠረቱ አጠገብ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። አውቶቡሷን አየች። እኔን አየች። እንደገና አውቶቡሷን አየች።

"ቆርቆሮውስ?" አለች።

"ይኸውልሽ! ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ። ተሠርቶ ያለቀ ቤት!"

እግዜር ይስጣት፣ አልጮኸችም። "ለአንድ ክረምት ብቻ" አለች። ይኸው ሦስተኛው ክረምት ነው። መሠረቱ ላይ ሳማ በቅሎበታል።

ቤታችን ርዝመቱን ላየ የባለጸጋ ቤት ነው። ችግሩ ጎኑ ነው። ከኋላ ረጅሙ ወንበር የነበረበት ቦታ አልጋችን ነው። መካከል ላይ ሣጥን፣ ዕቃ መደርደሪያና ያልነቀልናቸው ጥቂት የተሳፋሪ ወንበሮች አሉ። ከፊት የኔ መሪና የሹፌር ወንበሬ። እሱን ነቅለን የጋን ማስቀመጫ እናድርገው ብላኝ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ቀን ተኳረፍን። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ የሊማሊሞን ሕግ አወጣሁ፤ ሽቅብ የሚመጣ ቅድሚያ አለው። ዘውዲቱ ታዲያ በየትም በኩል ትምጣ፣ ሽቅብ የምትመጣው ሁልጊዜ እሷ ናት። እኔ ወደኋላ እያልኩ ጥግ እይዛለሁ።

ጎማዎቹንም አውልቄ አውቶቡሷን በድንጋይ ካብ ላይ እንዳስቀምጣት መክራኝ ነበር። "ጎማ የሌለው መኪና ሬሳ ነው!" ብዬ እምቢ አልኩ። በምትኩ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ፈልጌ ከጎማዎቹ ሥር ሸጎጥኩ። እኛ ሹፌሮች መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የምንሸጉጠውን ነገር ታኮ እንለዋለን። የእጅ ፍሬኗ ዝጎ ከተበጠሰ ስለቆየ፣ ቤታችንን ቁልቁለት ላይ አቁመው የያዙት እነዚህ ሦስት ድንጋዮች ነበሩ። እናንተ አስታውሱልኝ፤ የረሳሁት እኔ ነኝ።

የደባርቅ ክረምት ሳያንኳኳ ይገባል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ጉሙ ከአልጋችን እግር ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ጣሪያው በአንድ ቦታ ሲደፈን በሌላ ቦታ ይከፈታል። ድስቱ፣ ጣሳው፣ ጆጉ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋው ሁሉ በየተራ ከቀዳዳ ሥር ተረኛ ነው። ምሳ የሚበላበት ሳህን ያጣንበት ቀን አለ። እንጨቱ እርጥብ፣ ከሰሉ እርጥብ፣ ክብሪቱ እርጥብ፣ እኔም እርጥብ። ጋቢዬ ሰኔ ከገባ ወዲህ ደርቆ አያውቅም። በረዶ ሲጥልማ ከበሮ ውስጥ መኖር ነው። እኔ "ምን አልሽ?" እላለሁ፣ እሷ "ምን አልክ?" ትላለች፤ ሲያባራ ለካ ሁለታችንም ምንም አላልንም ነበር።

ይህን ሁሉ እኔ እችለው ነበር። የዘውዲቱ ጉልበት ነው የማይችለው። ብርዱ ሲጠና ቁርጥማቷ ይነሳና ደረጃውን መውረድ ያቅታታል። ልጃችን ሰብለ ጎንደር ደረቅ ቤት አላት። በየሳምንቱ እየደወለች፣ "እማዬን ላክልኝ፣ እሷ ምን አጠፋች?" ትለኛለች። 

ጠዋት ጠዋት ጋቢዬን ተከናንቤ የሹፌር ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። እጄን መሪው ላይ ጣል አድርጌ በፊተኛው መስታወት ጉሙን አያለሁ። ዘውዲቱ ከኋላ፣ "የት ደረስክ?" ትለኛለች። "ዳባትን አለፍኩ" እላለሁ። ሌላ ቀን "አምባ ጊዮርጊስ፣ ቁርስ እየበላን ነው" እላለሁ። ከእርጅናችን የተረፈችን ጨዋታ ይህች ብቻ ናት። ጉልበቷ ያመማት ቀን አትጠይቀኝም። ያን ቀን እኔም የትም አልሄድም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ዘውዲቱ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። በየወሩ በሃያ አንድ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ይዞርና በእልልታ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ ማኅበር ቀርታ አታውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ከገባን ወዲህ ግን ተራ ሲደርሰን ይህ የመጀመሪያው ነው። እሱም መርጦ መርጦ በሐምሌ ሆነ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ አያ ይርጋ ነው። ቤቱ ከእኛ በታች፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ጣሪያ ስደፍን ከግቢው ሆኖ ያየኛል፤ ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ይመክረኛልም። ከእኛ ቀጥሎ ተረኛው ደግሞ እሱ ነው። በሰኔው ማኅበር ላይ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ዘውዲቱ እኅቴ፣ በዚህ ክረምት አንቺን ከምናስቸግርሽ ተራሽ ይለፍሽ። የሐምሌውን እኔው ልያዘው" አለ። "ደግሞስ ጽዋ በቤት ነው የሚጠጣ። መኪና ቤት አይዶለም። መኪና ይሄዳል፤ ቤት አይሄድም።"

ክፋት ብሎ አልነበረም። ክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ቃል መልስ አለው። ሰው ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀረ። የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ፣ "ተራው የሷ ነው፤ እሷው ትናገር" አሉ። ዘውዲቱም፣ "ተራዬን ለማንም አልሰጥም፤ ቤት አለኝ" ብላ ተቀመጠች። 

እቤት እንደደረስን ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ዘውዲቱ ስትወደኝ አንተ ትለኛለች፤ ስትቆጣ አንቱ። ያን ቀን አንቱ ሆኜ ዋልኩ።

"ይስሙኝ" አለችኝ። "ማኅበሩን በሥርዓቱ ካሳለፍኩ ብርዱንም ቁርጥማቱንም ችዬ እቀመጣለሁ። ቤት የላትም ተብሎ ከተሳቀብኝ ግን በማግሥቱ በጎንደሩ መኪና ሰብለ ጋ እሄዳለሁ። እስከ መስከረም እንዳይመስልዎት። ቤት እስኪሠሩልኝ ነው።"

እኔ ቤት እስክሠራ ሰብለም ጡረታ ትወጣለች። ፈራሁ። አልዋሻችሁም፣ ሊማሊሞ ላይ ፍሬን እምቢ ያለኝ ቀን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ያለ ዘውዲቱ ያቺ አውቶቡስ እውነትም ቆርቆሮ ብቻ ናት።

ስለዚህ ለማኅበሩ ያልሠራሁት ሥራ የለም። ጣሪያውን ደፈንኩ፣ የደፈንኩትን መልሼ ደፈንኩ፣ መስኮቶቹን አጠብኩ፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ። አያ ይርጋ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ "ሹፌሩ፣ በዕለቱ መናኸሪያ እንዳትወስዱን አደራ!" ይለኛል። አንድ ቀን መረረኝና፣ "ይህች መኪና ንቅንቅ ካለች ጢሜን በደረቅ ምላጭ ላጨኝ!" አልኩት። ሰው ሲደክመው አፉ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ከጣሪያ ስወርድ ዘውዲቱ ማድቤቷ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ማድቤት የምንላት ከአውቶቡሷ ጎን በሸራ የተወጠረች ጥግ ናት። ለማኅበሩ የተዋስነው ድስት ከትልቅነቱ የተነሳ ትንንሾቹ ጉልቻዎቻችን ሥሩ ጠፍተዋል።

"ይህን የሚችል ሦስት ደህና ድንጋይ አምጣልኝ" አለች። "መሠረቱ ላይ ሞልቷል።"

መሠረቱ ላይ መሙላቱስ ሞልቷል። ግን እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፣ ከጭቃው በላይ ሳማ ነው፣ ከሳማው በላይ ዝናብ ነው፤ እኔ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ወገቤ ተቆርጧል። ጎንበስ ብዬ እያማረርኩ ሳለ ዓይኔ ከአውቶቡሷ ሥር ገባ። ሦስት ድንጋዮች። ደረቅ፣ ድቡልቡል፣ እኩል የሆኑ፣ ለጉልቻ የተፈጠሩ። ጎማውን በእግሬ መታሁት። አልተነቃነቀም። "ሦስት ክረምት ጭቃ ውስጥ የተተከለ ጎማ ከእንግዲህ ወዴት ይሄዳል?" አልኩ ለራሴ። ይህን ያልኩት እኔ፣ ስንቱን ረዳት "ታኮ ሳታደርግ ከመኪና ሥር አትራቅ!" እያልኩ በኩርኩም ያሳደግኩት ሰው ነኝ።

ዘውዲቱ ድንጋዮቹን ስታይ ፊቷ በራ። "እንዴት ያለ ድንጋይ ነው ያመጣህልኝ! ደረቅ ደግሞ! ከየት አገኘኸው?"

"ከዚሁ ነው" አልኳት። አንተ መባሌ ደስ ብሎኝ ሌላ አልጨመርኩም።

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በጃንጥላና በጭቃ መጣ። አያ ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ትኬት ይጠየቃል?" አለና አሳቀ። ዘውዲቱ እንዳልሰማ ሆነች። መምሬ ካሳ ሲገቡ ጥምጥማቸው ጣሪያውን ነካ፤ "እዚህ ቤት ሰው ሳይወድ ይሰግዳል" ብለው ጎንበስ አሉ። ሰው አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን አያጣውም። ሁሉም ፊቱን ወደፊት አዙሮ፣ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ የመስኮት ጠብ ተነሳ። አንዷ "ታፈንኩ፣ ክፈቱት" ስትል፣ ሌላዋ "ኧረ ንፋስ ይመታኛል፣ ዝጉት!" ትላለች። በሹፌርነቴ ዘመን ሁሉ ያልፈታሁትን ጠብ በጡረታዬ ዘመን እቤቴ ድረስ አመጡልኝ። አንዲት ያረጁ መነኩሲት እማሆይ አሉ፤ ለእሳቸው አውቶቡስ ማለት እንቅልፍ ነው። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና መቋሚያቸውን ተደግፈው ወዲያው አንቀላፉ።

ቢሆንም ሁሉም ነገር አማረ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው "ግሩም ነው" ተባለ። ጣሪያውም፣ ይመስገን፣ አንዲት ጠብታ አልጣለም። ጽዋው በመምሬ ካሳ እጅ ሆኖ ሲዞር ዘውዲቱ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ አየኋት። ስንት ወር የተሸከምኩት ድካም ከትከሻዬ ወረደልኝ። አያ ይርጋ እንኳ ግራ ቀኙን እያየ፣ "ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ቤት ነው" አለ። እንደ ቤት! ዘውዲቱ ሰማችው። ወጡን ልታወጣ ወደ ማድቤት ስትወርድ ጉልበቷ የሚያማት ሰው አትመስልም ነበር።

መዝሙሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የደባርቅ ሰው ሲዘምር ተቀምጦ አይዘምርም። ሁሉም ብድግ አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ወዝወዝ ሲሉ ሁሉም ባንድ ጎን፣ መለስ ሲሉ ሁሉም ባንድ ጎን። አያ ይርጋ ድምፁ መልካም ነው፣ ሲዘምር ወለሉን በእግሩ ይመታል። ከሥራችን አንድ ነገር "ጧ" አለ። የወንበር ብሎን መሰለኝ። ከዚያ በመምሬ ካሳ እጅ ባለው ጽዋ ውስጥ ጠላው ወደ አንድ ጎን ሲዘም አየሁ። መምሬ የዞረባቸው መስሏቸው ግንባራቸውን ያዙ። እኔ ግን ቀና ብዬ በፊተኛው መስታወት አየሁ። የአያ ይርጋ አጥር ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

በሰው ጉልበት ላይ ተረማምጄ ወንበሬ ላይ ወደቅሁ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ሊጥ እንደረገጥኩ ወለል ድረስ ገባ። ክላክስ መታሁ፤ ክላክስ የለም። አፌ ግን ሠላሳ ዓመት የለመደውን አልረሳም፤ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣

"ታኮ! ታኮ! ታኮ!" ስል ጮኽኩ።

ውጭ ያለችው ዘውዲቱ ብቻ ናት። ሸራው ከላይዋ ላይ ተቦጭቆ ከአውቶቡሷ ጋር ሄዷል። ድስቱ ዝናብ ላይ ቀርቶ፣ ንቅንቅ ሳይል፣ በሦስቱ ድንጋዮች ላይ ይፈላል። ጭልፋዋን እንደያዘች እኔን አየች። ቀጥላ ከድስቱ ሥር ያሉትን ድንጋዮች አየች። ሁሉም ነገር እንደገባት ከዚያ ርቀት ላይ ሆኜ አወቅሁ።

ፍጥነታችን የሽማግሌ ርምጃ ነበር። ግን የሽማግሌ ርምጃም ቁልቁለት ላይ አይቆምም። በግራ ድንች ማሳ፣ በቀኝ የአያ ይርጋ የሣር ክምር። መሪውን በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት በመካከላቸው አሳለፍኳት። ያ ሁሉ መዝሙረኛ፣ "እግዚኦ! እመብርሃን!" እያለ ወንበር ጨብጧል። እማሆይ በነውጡ ነቁና በመስኮት ውጭውን አይተው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"ወራጅ አለ!" አሉ።

አወረድኳቸውም። አውቶቡሷ የአያ ይርጋን የባሕር ዛፍ አጥር በአፍንጫዋ በስታ፣ ጭቃው ውስጥ ገብታ፣ አንድ ጊዜ አቃስታ ቆመች። በሩ የተከፈተው ልክ አያ ይርጋ ግቢ ውስጥ ነው።

ማንም አልተጎዳም። መምሬ ካሳ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ እንደያዙ ነው፤ ጥቂት ቀሚሳቸው ላይ ፈሷል። አያ ይርጋ ከሁሉ ቀድሞ ወረደና በገዛ ግቢው መካከል ቆመ። ግቢውን አየ፣ አውቶቡሷን አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

"አላልኳችሁም? ቤት አይሄድም አላልኳችሁም? ሹፌሩ፣ ምላጩን ላምጣ እንዴ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈርቶ የነበረ ሰው ሲስቅ ደግሞ ልክ የለውም። "በሉ ኑ ግቡ፣ ቤት እዚህ አለ" ብሎ አያ ይርጋ የቤቱን በር ከፈተ። ሰዎች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ መነሳት ጀመሩ። እኔ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ሻንጣዋ ታየኝ።

ዘውዲቱ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ነጠላዋ ከገላዋ ጋር ተጣብቆ፣ ጭልፋው አሁንም በእጇ። በጉልበቷ ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደችው እስከ ዛሬ አላውቅም። የአውቶቡሷን በር በአንድ እጇ ያዘች።

"ማንም አይወርድም" አለች። "ማኅበሩ የኔ ነው። ወጡ ገና አልቀረበም። ተቀመጡ!"

አያ ይርጋ፣ "ኧረ ዘውዲቱ እኅቴ፣ በሞቴ፣ ይህ እኮ ሂዶ..." ሲል መምሬ ካሳ አቋረጡት።

"ይርጋ" አሉ ከደረጃው ላይ ጎንበስ ብለው። "ኖኅ ያን ሁሉ ዝናብ የት ተጠልሎ ነው ያሳለፈው?"

"መርከብ ውስጥ ነዋ፣ አባቴ።"

"ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አውሬው ሁሉ እዚያው ነበር። ቤቱ አይዶለም ልትለኝ ነው?"

"ቤቱ ነው።"

"አልሄደችም?"

አያ ይርጋ አውቶቡሷን አየ። አጥሩን አየ። "ሂዳለች" አለ ቀስ ብሎ፣ "ግን ኖኅ የሰው አጥር አላፈረሰም።" ቢሆንም ጫማውን በደረጃው ጠርዝ ጠረገና ተመልሶ ገባ። ሴቶቹ ወጥተው ድስቱን በሸክም አወረዱት። ዝናቡ ትንሽ ገብቶበት ወጡ ቀጥኗል፤ ማንም ስሙን አላነሳም። በመጨረሻ ጽዋው በእልልታ ለተረኛው ለአያ ይርጋ ሲሰጥ፣ መምሬ ካሳ፣ "ሌላው ጽዋውን በሰው እጅ ይልካል፤ እናንተ ግን ከነማኅበርተኛው ግቢው ድረስ አደረሳችሁለት" አሉ። እስከ ደረጃው ድረስ ተሳቀ። ዘውዲቱ ግን አልሳቀችም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ወለሉን ጠረገች፣ ዋንጫውን አጠበች። አሁን አውቶቡሷ አፍንጫዋ ወደ ታች ስለሆነ ያጠበችው ዋንጫ ሁሉ እየተንከባለለ እኔ እግር ሥር ይመጣል። እኔ እያነሳሁ ሽቅብ አመላልሳለሁ። የሊማሊሞ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ሆነ፤ ደስ ግን አላለኝም።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ" አለች በመጨረሻ ጀርባዋን ሰጥታኝ። "እርስዎ ጉልቻ ለውጠው ቤት አስነሱ።"

የተንከባለለውን ዋንጫ አንስቼ አቀበልኳት። 

"ሠላሳ ዓመት ይህች መኪና አንቱን ይዛ ስትሄድ ቆሜ አይቻለሁ" አለች። "ቤቴን ይዛ ስትሄድ ማየት ነበር የቀረኝ።" ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበችና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። 

ጠዋት ተነስቼ ወንበሬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። መሪውን ግን አልነካሁትም። ጉሙ ያው ነው፤ አሁን በጉሙ ውስጥ የአያ ይርጋ ዶሮዎች ይታዩኛል። ከመናኸሪያው የጎንደሩ መኪና ክላክስ ሲያሰማ ሰማሁ። የመጀመሪያው ክላክስ "ተዘጋጁ" ነው፤ ሁለተኛው "ኑ" ነው፤ ሦስተኛው "ቀራችሁ" ነው። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ተነፋ። ከኋላ የሻንጣው ማንጠልጠያ ቃጭ አለ። ዞሬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። ደክሞኝ ነበር። እንዲህ እስኪደክመኝ ድረስ የሠራሁት ሁሉ እሷን ለማስቀረት ነበር፤ ያጣኋት ደግሞ ስለደከመኝ ነው።

ሦስተኛው ክላክስ ተነፋ፤ ራቀ፤ ጠፋ።

"የት ደረስን?" አለች ዘውዲቱ።

እጄን መሪው ላይ መለስኩ። "አያ ይርጋ አጥር" አልኩ።

"እነዚያን ሦስት ድንጋዮች አምጣቸው።"

ወጣሁ። ዳገቱን በጭቃው ወጥቼ የቤታችን ቦታ ስደርስ የቀረን ነገር አራት የጎማ ጉድጓድና ጉልቻው ብቻ ነው። ድንጋዮቹ ባንድ ጎን በጭስ ጠቁረዋል። አንዱን አውርጄ፣ ተመልሼ፣ ሌላውን አውርጄ፣ ተመልሼ፣ ሦስተኛውን ሳደርስ ትንፋሽ አልቀረኝም። ዘውዲቱ ጃንጥላዋን ይዛ ከጎማው አጠገብ ቆማለች።

"እዚህ ሸጉጠው" አለች። ሸጎጥኩ። "ይኸኛውን እዚያ።" ሸጎጥኩ። ሦስተኛውን ራሷ በእግሯ ረገጥ ረገጥ አድርጋ አጠበቀችው። ጉልበቷን ይዛ ቀና አለችና አውቶቡሷን ከፊት እስከ ኋላ አየቻት።

"እነዚህን የነካህ ቀን፣ ያኔ ሰብለ ጋ ነኝ" አለች። "በል አሁን ለምሳ ሌላ ሦስት ጉልቻ ፈልግልኝ። ከመሠረቱ ላይ!"

ዝናቡ ጀምሯል። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፣ ጭቃውም ሳማውም ያው ነው፣ ወገቤም እንደተቆረጠ ነው። ጋቢዬን ደረብኩና ወደ ላይ ወጣሁ።